ፈረስ፣ ድመትና ውሻ አሣሣል፦ ከነባር ሠዓሊዎች አሠራር የተወሰደ መመሪያ

ፈረስን፣ ድመትንና ውሻን በአንድ ዓይነት አጀማመር ለመሣል የሚነሣ ሰው ቢያንስ ሁለቱን ማበላሸቱ አይቀርም። የፈረስ ቆዳ ስስ፣ ጸጉሩም አጭር በመሆኑ አጥንቱና ጅማቱ ከውጭ ይነበባሉ፤ የአጥንቱን አቀማመጥ ያላጠና እጅ ወዲያው ይጋለጣል። ድመት ግን አጥንቷን በላላ ቆዳና በጸጉር ሸፍናው ስለምትኖር ማንነቷን የሚናገረው የጀርባዋ መስመር ነው። ውሻን በተመለከተ፣ ዝርያው እጅግ ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ልክ የለውም፤ ተመልካችም ሥዕሉ ፊት ሲቆም አስቀድሞ የሚፈልገው የእንስሳውን ፊት ነው። ስለዚህ ፈረስ ከአጥንቱ፣ ድመት ከመስመሯ፣ ውሻ ከፊቱ ቢጀመር ይሻላል የሚል አቋም አለኝ። እነዚህን እንስሳት በመሣል ስማቸው የቆየ ሠዓሊዎች የሠሩበትን መንገድ ለተመለከተም ይኸው ልዩነት ይታያል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ጥቂት ነው። 2ቢ (2B) እና 4ቢ (4B) እርሳስ (ቁጥሩ ሲጨምር እርሳሱ ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም)፣ ለጥቁር ጥላ አንድ 6ቢ፣ ለስላሳ ላጲስ፣ በኪስ ወይም በቦርሳ የሚያዝ ንድፍ ደብተር፣ ለትልልቅ ሥራዎች ደግሞ ጥቂት የሥዕል ከሰል ይበቃል። ቀለም በኋላ ይደርሳል።

የፈረሱን አጥንት ማወቅ

እንግሊዛዊው ጆርጅ ስተብስ (1724–1806 እ.ኤ.አ.) የፈረስ ሠዓሊዎች አለቃ ተደርጎ የሚቆጠረው በቀለም አቀባቡ ብቻ አይደለም። በ1750ዎቹ መጨረሻ ላይ በሊንከንሻየር አውራጃ፣ ሆርክስቶው በምትባል መንደር ራቅ ያለ ቤት ይዞ አንድ ዓመት ተኩል ያህል የሞቱ ፈረሶችን ሲበልት ቆየ። የፈረሱን በድን ከጣሪያ በተንጠለጠሉ ብረቶች አስሮ እንደቆመ እንስሳ ያቆመውና መጀመሪያ ቆዳውን፣ ቀጥሎ ጡንቻውን በየንብርብሩ እየገፈፈ፣ በየደረጃው የሚያየውን እየሣለ እስከ አጥንቱ ይወርድ ነበር። የሥራውን ውጤት፣ ለማተሚያ የሚሆኑትን የመዳብ ሰሌዳዎች ራሱ ቀርጾ፣ በ1766 እ.ኤ.አ. አሳተመው። የዛሬ ሠዓሊ ይህን ሁሉ መከራ መድገም የለበትም፤ ነገር ግን ስተብስ የሄደበትን አቅጣጫ ገልብጦ፣ ከአጥንት ተነሥቶ ወደ ቆዳ መውጣት ይችላል።

አስቀድመው የፈረሱን ራስ ርዝመት ይያዙ፤ ይኸውም ከሁለቱ ጆሮዎች መካከል እስከ ከንፈሩ ጫፍ ያለው ልክ ነው። ከደረቱ ፊት ለፊት ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ያለው የገላው ርዝመት በግምት ሁለት ራስ ተኩል ይሆናል። ጋማው ከሚያበቃበት፣ ከኮርቻው ፊት ካለው የትከሻ ጉብታ እስከ መሬት ያለው ቁመቱም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ አንገትና ራሱን ትተው ገላውንና እግሩን ብቻ የሚይዝ አራት ማዕዘን ሲሠሩ፣ ጎኖቹ እኩል ወይም ለእኩል የቀረቡ ሊሆኑ ይገባል። ጀማሪ የሚሥለው ፈረስ ብዙ ጊዜ እንደ አግዳሚ ወንበር የሚረዝመው ይህ አራት ማዕዘን አስቀድሞ ስላልተሠራ ነው። በመቀጠል አራት ማዕዘኑን በወገቡ ለሁለት ይክፈሉት፤ የላይኛው ግማሽ የደረቱን ጥልቀት ሲይዝ የታችኛው ግማሽ ለእግር ይቀራል። የውርንጭላ እግር ግን ገና ሲወለድ ረጅም በመሆኑ ለእርሱ የታችኛው ክፍል ከፍ ማለት አለበት። በአገራችን የምናያቸው ብዙዎቹ ፈረሶች ቁመታቸው አጠር ያለ ስለሆነ ራሳቸው ከገላቸው አንጻር ተለቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ በደንቡ ላይ ከመተማመን በእርሳሱ ዘንግ በዓይን መለካት ይመረጣል።

ከዚህ በኋላ እግሩ ይመጣል፤ ብዙ ሥዕል የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። የፈረስ የፊት እግር መሐል ላይ የሚታየው፣ ሁሉም ሰው ጉልበት የሚለው መጋጠሚያ በአጥንት አቀማመጡ የሰው የእጅ አንጓ ነው። ትክክለኛው ክርን ከደረቱ ግርጌ አጠገብ ተጣብቆ ይገኛል። በኋላ እግሩ ላይ ወደ ኋላ ሾጥጦ የወጣው መታጠፊያ ደግሞ ተረከዝ ሲሆን፣ እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ ከሽንጡ ሥር፣ ከሆዱ ጎን ይታያል። ፈረስ የሚቆመው በአራት ጣቶች ጫፍ፣ ማለትም በየእግሩ በአንዲት ጣት ላይ ነው፤ ሰኮናውም የዚያች ጣት ጥፍር ነው። ይህ አንዴ ከተጨበጠ በኋላ እግሩ በየት በኩል እንደሚታጠፍ መገመት ያበቃል። የፊተኛው እግር ከአንጓው ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ የኋለኛው ከተረከዙ ወደ ፊት ይሰበሰባል።

ከአንጓውና ከተረከዙ በታች ጡንቻ እንደሌለ ማስታወስ ይገባል። እዚያ ያለው አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ብቻ ስለሆነ መስመሩ ደረቅና ቀጥ ያለ መሆን ይኖርበታል፤ ክብ ክብ ባለ ጥላ ከተሞላ እግሩ ያበጠ ይመስላል። ፈረሱን ከጎን ሲመለከቱት ከፊት አጥንቱ፣ ከኋላው ጅማቱ በመካከላቸው ስስ ጎድጓዳ ትተው ሲወርዱ በግልጽ ይለያሉ። ይህችን ጎድጓዳ በአንዲት ቀጭን ጥላ ማሳየት ሙሉውን እግር ከማጥቆር ይልቃል። ወደ ላይ ሲወጡ፣ የፈረስ የትከሻ አጥንት ከደረቱ ጋር የሚያገናኘው አጥንት ስለሌለው ገላው በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል በጡንቻ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ ስለዚህ በሚረግጥበት ጊዜ ትከሻው ከቆዳው ሥር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንሸራተት ይታያል። የትከሻውን መስመር ከጉብታው ወደ ደረቱ ፊት አጋድመው ይሠሩት እንጂ ቀጥ አድርገው አያቁሙት።

ፈረሱን ባለበት ቦታ መመልከት

አጥንቱን ያወቀ ሠዓሊ ቀጥሎ ሕይወት ያለው ፈረስ ያስፈልገዋል። ፈረንሳዊቷ ሮዛ ቦነር (1822–1899 እ.ኤ.አ.) ዛሬ በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘውን፣ ስፋቱ ከአምስት ሜትር የሚበልጠውን የፈረስ ገበያ ሥዕሏን ለመሥራት በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ፓሪስ የፈረስ ገበያ እየሄደች ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ንድፍ ስትይዝ ቆይታለች። ሴት በዚያ መካከል ቆማ መሥራቷ ሁካታ ስለሚያስከትል የወንድ ልብስ ትለብስ ነበር፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ሴት ሱሪ ለመልበስ ከፖሊስ የጽሑፍ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅባት ስለነበር እርሷም ፈቃዱን አውጥታለች። ሥዕሉ በ1853 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ለሕዝብ ቀረበ፤ ከዚያም በኋላ በ1855 አስተካክላዋለች። ተመልካቹን የሚያስደነግጠው ብዛቱ አይመስለኝም። የእያንዳንዱ ፈረስ ክብደት የትኛው እግር ላይ እንዳረፈ መታወቁ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ልምምድ የሚሆን ቦታ አይጠፋም። በብዙ ከተሞች ተሳፋሪ የሚጠብቅ የጋሪ ፈረስ አንድ ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማል፤ አንዱን የኋላ እግሩን አላልቶ በሦስቱ ሲያርፍ ደግሞ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሞዴል አይገኝም። የዳሌው አጥንት ሸክም በተሸከመው እግር በኩል ከፍ፣ ባረፈው በኩል ዝቅ ማለቱን ከኋላ ቆመው ሊያዩት ይችላሉ፤ ከእርግጫ በማይደርሱበት ርቀት ላይ ሆነው ማለቴ ነው። ባለጋሪውን አስቀድሞ ማስፈቀድም ተገቢ ነው። ጌጥና እንቅስቃሴ የሚፈልግ ሰው ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ቢከታተል ለወራት የሚሆን ንድፍ ይዞ ይመለሳል።

በእያንዳንዱ ንድፍ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይቆዩ። መጀመሪያ የጀርባውን መስመር ከጆሮው ሥር እስከ ጭራው ሥር በአንድ ጊዜ ይሳቡ፤ ከዚያ ሸክም የያዘውን እግር ወደ መሬት ያውርዱ፤ የቀሩት እግሮች በኋላ ይደርሳሉ። ፈረሱ ከተንቀሳቀሰ የተጀመረውን ትተው አዲስ ይጀምሩ፤ ሲመለስ ደግሞ ወደ ቀድሞው ይመለሱ። በአንድ ገጽ ላይ ስድስት ያላለቁ ፈረሶች መኖራቸው ምንም አያሳፍርም።

አረማመድና ግልቢያ

በእርጋታ ሲራመድ የፈረስ እግሮች ተራ በተራ ይነሣሉ፤ ከግራ የኋላ እግር ቢጀምር የግራው የፊት፣ ቀጥሎ የቀኝ የኋላ፣ በመጨረሻ የቀኝ የፊት እግር ይከተላል። ስለዚህ በእርምጃ ላይ ያለ ፈረስ ምንጊዜም ሁለት ወይም ሦስት ሰኮና መሬት ላይ አለው። በሶምሶማ ጊዜ በሰያፍ ያሉት ሁለት እግሮች አብረው ይነሣሉ፣ አብረውም ያርፋሉ። ግልቢያው ግን ለብዙ ዘመን ሠዓሊዎችን ሲያታልል ኖሯል። ፈረንሳዊው ቴዎዶር ዤሪኮ በ1821 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የሚካሄደውን የኤፕሰም የፈረስ እሽቅድምድም ሲሥል ፈረሶቹን የፊት እግራቸውን ወደ ፊት፣ የኋላቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው በአየር ላይ አንሳፍፏቸዋል፤ በዘመኑ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚሥለው። በ1878 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኝ የእሽቅድምድም ሜዳ ዳር 12 ካሜራዎችን ደርድሮ፣ የምትጋልበው ፈረስ ራሷ እያለፈች በምትነካቸው ክሮች አማካይነት ፎቶግራፍ ሲያነሣ እውነቱ ታወቀ። አራቱም እግር ከመሬት የሚለቅበት ቅጽበት በርግጥ አለ፤ ያ ቅጽበት ግን እግሮቹ ከሆዱ ሥር በተሰበሰቡበት ጊዜ ነው።

ይህ ማለት የዤሪኮ ሥዕል መጣል አለበት ማለት አይደለም፤ ፍጥነቱን ዛሬም ይሰጣል። ነገር ግን የዛሬ ተመልካች ዓይኑ በስልክ ቪዲዮ ተገርቷልና፣ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ አንድ አጭር ቪዲዮ ቀርጸው በዝግታ እያጫወቱ የእግሮቹን ቦታ ቢወስኑ ይመረጣል። በተሰበሰበበት ቅጽበት ፈንታ አንዱ የፊት እግር ብቻ መሬት ነክቶ ገላው በእርሱ ላይ ሲያልፍ ያለውን ቅጽበት እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ እግሮቹ በግልጽ ስለሚለያዩ ለዓይን ይቀላል።

ለቀለም አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር። ጉራች ፈረስ በጥቁር ቀለም፣ አምባላይም በነጭ ቀለም ብቻ አይሠራም። የጉራቹ ጀርባ ከላይ ሰማዩን ስለሚቀበል ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ የአምባላዩ ሆድ ከሥሩ ያለውን ሣር ወይም አፈር ቀለም ይወስዳል፣ በአፍንጫውና በዓይኑ ዙሪያ ደግሞ ጠቆር ያለው ቆዳው ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ እያየ ያደገ ዓይን ይህን ጥላ አይፈልግ ይሆናል፤ በዚያ አሣሣል ፈረሱ በደማቅ መስመርና በጌጡ እንጂ በጥላ አይቆምም። ሁለቱን ስልቶች በአንድ ሥዕል ከመቀላቀል አንዱን መርጦ መጽናት ይገባል።

ድመት፦ አንድ መስመር

ድመት ቁጭ በይ ተብላ አትታዘዝም። ስለዚህ የድመት ጥናት የሚጀምረው ስትተኛና ስትታጠብ ነው። በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ በዊንድዘር የሚገኝ አንድ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወረቀት አለ፤ ድመቶች ሲተኙ፣ ሲደባደቡ፣ ሲላሱ፣ ሊዘሉ ሲያደቡ በጠባብ ገጽ ላይ ታጭቀዋል፣ በመካከላቸውም አንዲት ትንሽ ዘንዶ ትታያለች። ዘንዶዋ የገባችበትን ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም፤ የሚጠማዘዝ የጀርባ አጥንት ሲያጠና የቆየ እጅ ከድመት ወደ ዘንዶ ለመሻገር ብዙ አይቀረውም። የእርስዎም ገጽ እንደዚሁ በአቀማመጦች ይሙላ።

አሠራሩ ይህ ነው። እርሳሱን ሳያነሡ ከጆሮዋ ጀርባ ተነሥተው በአንገቷ፣ በጀርባዋና በዳሌዋ በኩል እስከ ጅራቷ ጫፍ የሚወርድ አንድ መስመር ይሳቡ። መስመሩ ካልተሳካ አያርሙት፤ ከጎኑ ሌላ ይሳቡ። ከኋላ የታየች፣ የተቀመጠች ድመት ከታች ክብ፣ ከላይ ጠበብ ብላ ጀበና ትመስላለች፤ ይህን ቅርጽ ከያዙ በኋላ ሁለት ጆሮና ጅራት ብቻ ይቀራል። ስትራመድ የትከሻዋ አጥንቶች ከጀርባዋ መስመር በላይ ተራ በተራ ከፍ ዝቅ ሲሉ ይታያሉ፤ ይህችን ጉብታ መዘንጋት ድመቷን ደረቅ ያደርጋታል። የኋላ እግሯን የፊቱ ካረፈበት አጠገብ ስለምታሳርፍም እግሮቿን እንደ ጠረጴዛ እግር አራርቀው አያቁሟቸው።

በሎዛን ተወልዶ በፓሪስ ሞንማርትር የኖረው ቴዎፊል ስታይንለን (1859–1923 እ.ኤ.አ.) ይህን መስመር እስከ መጨረሻ ያደረሰ ሰው ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. «ጥቁር ድመት» ለተባለው ካባሬ (የምሽት መዝናኛ ቤት) በሠራው ፖስተር ላይ ድመቲቱ በአብዛኛው ጠፍጣፋ ጥቁር ሆና ሳለ ጆሮዋ፣ ጅራቷና የሚያፈጡት ዓይኖቿ ብቻቸውን ጠባይዋን ይናገራሉ። ስለዚህ የድመትዎን ንድፍ ሲጨርሱ ውስጡን በሙሉ በጥቁር ሞልተው ይፈትኑት፤ ጥላው ብቻ ድመትነቷን ካልነገረ ጸጉር ቢጨመርበትም አይናገርም።

ዓይኗን ሲሠሩ ብሌኗ በደማቅ ብርሃን ቀጥ ያለች ቀጭን ስንጥቅ፣ በጨለማ ደግሞ ክብ መሆኗን ከሥዕሉ ብርሃን ጋር ያስማሙ። ጢሟን በተመለከተ አንድ ጠቃሚ ብልሃት አለ። ጥላ ከመቀባትዎ በፊት ቀለም ያለቀበትን ስክሪብቶ ይያዙና ጢሙ በሚያልፍበት ቦታ ወረቀቱን ከሥሩ ወደ ጫፉ በፈጣን ስንዘራ ይጫኑት። ከዚያ በላዩ እርሳሱን አጋድመው ሲያጠቁሩ ግራፋይቱ ወደ ጎድጓዳው ስለማይገባ ጢሙ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በላጲስ ከሚወጣ ነጭ መስመር ይልቅ ይህኛው ቀጭንና ንጹሕ ነው።

ውሻ፦ ከፊቱ መነሣት

ኤድዊን ላንድሲር (1802–1873 እ.ኤ.አ.) በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ውሻን በመሣል እርሱን የሚስተካከል አልነበረም፤ ጥቁርና ነጭ ቀለም ያለው የኒውፋውንድላንድ ውሻ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። በ1837 እ.ኤ.አ. በሠራው፣ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በሚገኘው ሥዕሉ አንድ የእረኛ ውሻ አገጩን በጌታው ሬሳ ሣጥን ላይ ጥሎ ይታያል፤ በክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። አንዳንዴ ላንድሲር ለእንስሳቱ የሰው ስሜት አብዝቷል ተብሎ ይተቻል፤ ትችቱ በሌሎች ሥራዎቹ ላይ ቢይዝም በዚህኛው ላይ አይይዝም ባይ ነኝ። እንባ የለም፣ የተጣመመ አፍ የለም፤ ሐዘኑ የመጣው ደረቱ ከእንጨቱ ጋር ከተጣበቀበትና የራሱ ክብደት በሙሉ ወደ ታች ከወረደበት አቀማመጥ ነው።

እንግዲህ የውሻ ፊት ሲሥሉ ከፈገግታ አይነሡ። ከፊት ለፊት ሲታይ በሁለቱ ዓይኖች ውስጠኛ ማዕዘንና በአፍንጫው መካከል ያለውን ሦስት ማዕዘን ይለኩ፤ የአንዱን ውሻ መልክ ከሌላው የሚለየው በዋናነት ይህ ልክ ነው። ዓይኖቹን ቀጥለው ይሥሩ። የውሻ ዓይን ነጩ ክፍል ጥቂት ብቻ ስለሚታይ እንደ ሰው ዓይን ዙሪያውን ነጭ ካደረጉት የደነገጠ ያስመስለዋል። የላይኛው የዓይን ቆብ በዓይኑ ላይ የሚጥለውን ጥላ አይርሱ፤ ብርሃኑ የሚያርፍባትን ትንሽ ነጥብ ከመጀመሪያው ነጭ አድርገው ይተዉ፣ በሁለቱም ዓይኖች ላይ በአንድ በኩል ትሁን። ከዓይኑ በላይ ያለችው የቅንድብ ጡንቻና የጆሮው ሥር የቀረውን ስሜት ይሸከማሉ።

ጸጉሩ የሚሠራው በመጨረሻ ነው። አቅጣጫው ከአፍንጫው ተነሥቶ በግንባሩ ላይ ወደ ኋላ፣ ከጆሮው ሥር ወደ አንገቱ ይወርዳልና ጭረቶችዎ ያንኑ ይከተሉ። ሁሉንም ጸጉር መቁጠር ድካም ብቻ ነው፤ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ድንበርና በገላው ዳር ላይ ካሳዩት ዓይን የቀረውን ይሞላል። ለልምምድ ጸጉራሙን የውጭ ዝርያ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። በየሰፈሩ ፀሐይ ላይ የሚተኛው ጸጉረ አጭርና ቀጭን ውሻ ጎድኑንና ዳሌውን በግልጽ ስለሚያሳይ የተሻለ መምህር ነው፤ ሳይቀሰቅሱት ከርቀት ይሥሉት።

በትእዛዝ ሲሠራ

የሰው ውሻ፣ ድመት ወይም ፈረስ በክፍያ ሲሥሉ ብዙውን ጊዜ የሚመጣልዎ የስልክ ፎቶ ነው። ስልኩ ወደ እንስሳው በጣም ተጠግቶ ከተነሣ አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮውና ገላው ያንሳል፤ ይህን ሳያርሙ መገልበጥ ባለቤቱ «የእኔ አይደለም» እንዲል ያደርጋል። ስለዚህ ባለቤቱ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ፣ በእንስሳው ዓይን ከፍታ ተንበርክኮ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ እንዲያነሣ አስቀድመው ይንገሩት። ከፊትና ከሁለቱም ጎን የተነሡ ፎቶዎችን፣ በተጨማሪም በሚራመድበት ጊዜ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ይጠይቁ። ልዩ ምልክቶችን፣ ማለትም የፈረሱ ግንባር ላይ ያለን ነጭ፣ የተቀደደ ጆሮን፣ ጠባሳን፣ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ጠባሳው ይቅር ወይስ ይታይ የሚለውንም ባለቤቱ ይወስን። ዋጋውንና የማስረከቢያ ጊዜውን ተስማምተው ቅድሚያ ክፍያ ከመቀበልዎ በፊት ሥራ አይጀምሩ።

ዳራውን ለመሙላት አይቸኩሉ። ስተብስ በ1762 እ.ኤ.አ. ገደማ የሠራውና በለንደን ናሽናል ጋለሪ የሚገኘው ግዙፍ የፈረስ ሥዕል ኮርቻም፣ ፈረሰኛም፣ መልክዓ ምድርም የለውም፤ በኋላ እግሮቹ የቆመው ፈረስ መሬት መርገጡን የሚያሳየው ከሰኮናዎቹ ሥር ያለች ትንሽ ጥላ ብቻ ናት። ያቺን ጥላ እርስዎም አይተዉ፤ ያለ እርሷ እንስሳው ይንሳፈፋል። ሥራው ሲያልቅ በመስታወት ፊት ይዘው በግልባጭ ይመልከቱት፤ የተዛነፈ ዓይን ወይም ያጠረ እግር ወዲያው ይታያል። የእርማቱን ሥራ ጨርሰው፣ ከሰል ወይም ለስላሳ እርሳስ ከሆነ አየር በሚገባበት ቦታ ማስያዣ ስፕሬይ (ሥዕሉ እንዳይለቅ የሚረጭ ፈሳሽ) ጥቂት ራቅ አድርገው በስሱ ሁለት ጊዜ ይርጩበት፤ ሁለተኛው የሚረጨው የመጀመሪያው በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው።